ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ኦሊምፒክ፦ የአንድ ወጣት ሯጭ የደረጃ ጉዞ

መግቢያ

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ የሆነ ሰው ከዘመድ አዝማድ የማያመልጠው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጁ ጎበዝ ሯጭ ነው፤ መቼ ነው ውጭ የሚሄደው?» የሚለው ነው። እኔንም ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት አክስቴ ጠየቁኝ። ልጃቸው የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ከሰሜን ሸዋ መጥቶ ሱሉልታ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሮጣል። ክለብ የለውም። የቤት ኪራዩንና ቀለቡን የሚልኩለት እናቱ ናቸው፤ ገንዘቡም የሚገኘው በግ ተሸጦ ነው።

በዚያ ሰሞን ልጁ ሁለት መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ሰው «ማራቶን ተለማመድ፣ ውጭ እልክሃለሁ» ብሎታል። በሌላ በኩል አንድ ክለብ አዲስ ሯጮችን በሙከራ ሊመለምል ነው፤ ነገር ግን ደመወዙ ትንሽ ነው። አክስቴ «ልጄ፣ አንተ ይህንኑ አይደል እንዴ የምትማረው? የትኛው ይሻለዋል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ዓላማውም አንድ ወጣት ሯጭ ከታች ተነሥቶ እስከ ዓለም መድረክ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች መዳሰስ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ብዙ ልጆች እንደሚቀሩ ማሳየትና ከእኛ ከባለሙያዎቹ ምን እንደሚጠበቅ መጠቆም ነው።

1. «ደረጃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለንጽጽር እንዲያመች የአሜሪካኖቹን ቤዝቦል በአጭሩ ልጥቀስ። ጨዋታውን አብዛኞቻችን አናውቀውም፤ ወጣቱን ወደ ላይ የሚያወጡበት አሠራር ግን ያስተምራል። ከፍተኛው ሊግ፣ ማለትም ሜጀር ሊግ፣ 30 ክለቦች አሉት። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ዓመቱን ሙሉ የሚወዳደሩ አራት የታችኛው ሊግ ቡድኖች ከሥሩ አሉት፤ በድምሩ 120 መሆናቸው ነው። ኳስ ወርዋሪ ሆኖ የፈረመ የ19 ዓመት ልጅ ከዝቅተኛው ቡድን ይጀምርና በየደረጃው እየተፈተነ ይወጣል። ክርኑና ትከሻው እንዳይጎዳ በአንድ ጨዋታ የሚወረውራቸው ኳሶች ሳይቀር ይቆጠሩለታል። ብዙዎቹ ከላይኛው ሊግ አይደርሱም። ክፍያቸውም ለረጅም ዘመን አነስተኛ ስለነበር ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክለቦቹ ለታችኛው ሊግ ተጫዋቾች መኖሪያ እንዲያቀርቡ ተደርጓል።

ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። ልጁ ደረጃውን እየወጣ ባለበት ጊዜ ኃላፊነቱን የሚወስድ አካል አለው። የሚያሠለጥነው፣ የሚከፍለውና «ገና ነህ፣ ቆይ» የሚለው አለ። በእኛስ አገር ይህንን ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው? ወደ ከተሞቹ እንሂድና እንመልከት።

2. ሦስቱ ከተሞችና የልምምዱ መሬት

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ።

ከሦስቱ ለሩጫ ስሟ የገነነው ሱሉልታ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሲሆን፣ ሰፊና ለጥ ያለ የሣር ሜዳ አላት። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ትራክ ያለው እዚሁ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በባለቤትነት የተሳተፈበት ያያ ቪሌጅ የተባለው የአትሌቶች ማረፊያና ማሠልጠኛም እዚሁ ነው። ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ቡድን የሚመረጥበት የጃን ሜዳ ውድድርም በቅርብ ዓመታት ስሙን እንደያዘ ሱሉልታ ላይ ተካሂዷል።

ከፍታው ለምን ይጠቅማል? በ2,700 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሰውነትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሴሎች እንዲሠራ ያዝዘዋል። ለውጡ ሳምንታትን ይፈልጋል፤ በሦስት ቀን የሚመጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ በከፍተኛ ፍጥነት ረጅም ጊዜ መሮጥ ስለማይቻል እግር ፍጥነትን ይረሳል። በዚህ ምክንያት አሠልጣኞች ልጆቹን ዝቅ ወዳለ ቦታ ያወርዷቸዋል። ሰበታ ከሱሉልታ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ስለምትል ረጅም የአስፋልት ልምምድ ይሠራባታል፤ አቃቂና ሰንዳፋም እንዲሁ። በእኛ ቡራዩ ደግሞ በገፈርሳ ግድብ በኩል ጠዋት ጠዋት ኮሮኮንቹን ሲሠሩ አያቸዋለሁ። በአጭሩ ሣሩ ለእግር፣ ጫካውና ዳገቱ ለትንፋሽ፣ አስፋልቱ ለፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ክለብ ያለውና የሌለው ልጅ ይለያያሉ። ክለብ ያለው ከሱሉልታ ሰበታ በክለቡ ሰርቪስ ይሄዳል፤ አሠልጣኙ ሰዓት ይዞለት፣ ውኃ ተቀብሎ ሮጦ ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ ግን ለዚያው ልምምድ በሌሊት ተነሥቶ ታክሲ እየቀያየረ መሄድ አለበት። የትራንስፖርት ሳንቲም ሲያጥረው ሰበታን ይተወውና ሣሩ ላይ ብቻ ይሠራል። ታዲያ ሁለቱ ውድድር ላይ ሲገናኙ «ተሰጥኦው ይለያያል» እንላለን።

3. የመሰላሉ ደረጃዎች

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ አንድ ልጅ በአብዛኛው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንደሚከተለው መክፈል ይቻላል።

ሀ) የትምህርት ቤት፣ የወረዳና የፕሮጀክት ደረጃ። ልጁ በስፖርት መምህር ወይም በፕሮጀክት አሠልጣኝ ዓይን ውስጥ የሚገባበት ነው። በአርሲ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የዚህ ደረጃ ሰው ናቸው። የስፖርት መምህር ምን ማድረግ እንደሚችል ከእሳቸው በላይ ማስረጃ የለም።

ለ) የክለብ ደረጃ። መቻል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ፌደራል ፖሊስና ሌሎችም ሯጮችን በደመወዝ ይይዛሉ። አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ነው በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሸነፈው። ተቋም አትሌትን ቀጥሮ ማኖር በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሐ) የአገር አቀፍ ደረጃ። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና፣ የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ፣ እንዲሁም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ እዚህ ይመደባሉ። የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫ በወንዶች ራሱ ኃይሌ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ እንዳሸነፉ ይታወሳል።

መ) የወጣቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ። ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮናና የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ውድድር ናቸው። ኃይሌ በ1992 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፈው በዚህ ደረጃ ነበር። ቀነኒሳም በ2001 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ኦስተንድ ላይ የወጣቶቹን አገር አቋራጭ አሸንፏል።

ሠ) የአዋቂዎች መድረክ። ዳይመንድ ሊግ፣ የዓለም ሻምፒዮናና ኦሊምፒክ ናቸው። እዚህ ላይ በሩ በጣም ይጠብባል። በኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ከአንድ አገር ሦስት ሯጮች ብቻ ይፈቀዳሉ። በዓለም ሻምፒዮናም እንደዚሁ ሦስት ሲሆን፣ ያለፈውን ሻምፒዮና ያሸነፈ ልጅ ካለ አራተኛ ይጨመራል። ለሌላ አገር ሯጭ ትልቁ ፈተና ሚኒማ ማሟላት ነው። ለኢትዮጵያዊው ግን ሚኒማው ቀላሉ ነው፤ ጭንቁ ከገዛ ወንድሞቹ መካከል ሦስተኛ ሆኖ መገኘት ነው።

4. ምሳሌ፦ ሰለሞን ባረጋ

ደረጃዎቹን አንድ በአንድ የወጣ ሰው ለማየት ከሰለሞን ባረጋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰለሞን በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ጉራጌ ውስጥ ተወለደ። የጉዞው ዋና ዋና ምዕራፎች እነዚህ ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ2016 በ16 ዓመቱ ፖላንድ ቢድጎሽ ላይ ከ20 ዓመት በታች በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ናይሮቢ ላይ ከ18 ዓመት በታች በ3,000 ሜትር አሸነፈ። በዚያው ክረምት ለንደን ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር 5,000 ሜትር ሮጦ አምስተኛ ወጣ። በ2018 መጀመሪያ በርሚንግሃም ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር ከዮሚፍ ቀጀልቻ ቀጥሎ ብር አገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ብራስልስ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ43.02 ሰኮንድ ገባ። በ2019 ዶሃ ላይ ሙክታር እድሪስ ወርቅ ሲወስድ እሱ ብር አገኘ።

ከዚያ 2021 መጣ። የኢትዮጵያ ቡድን ማጣሪያ ሰኔ 8 ቀን 2021 ሆላንድ ሄንገሎ ላይ ተካሄደ። ሰለሞን 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ49.51 ሰኮንድ አሸነፈ። ዮሚፍ ሁለተኛ፣ በሪሁ አረጋዊ ሦስተኛ ሆኑ። ልብ በሉ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰኮንድ እንኳን አይሞላም። ሐምሌ 30 ቀን ቶኪዮ ላይ ደግሞ ሰለሞን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰኮንድ ኡጋንዳውያኑን ቼፕቴጌይንና ኪፕሊሞን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። በ10,000 ሜትር ወንዶች ኢትዮጵያ ከቀነኒሳ የ2008 ቤጂንግ ድል በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

ከዚህ ጉዞ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ከወጣቶች ሻምፒዮንነት እስከ ኦሊምፒክ ወርቅ አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ ያውም ለእንደዚህ ያለ ተሰጥኦ። በመካከሉም አምስተኛነት አለ፣ ብርም አለ። ሁለተኛ፣ ርቀቱን ያሳደገው ደረጃ በደረጃ ነው። ከ3,000 እና ከ5,000 ሜትር ተነሥቶ ወደ 10,000 ሄደ። ማራቶንን የሞከረው በ2025 ስፔን ሲቪያ ላይ ሲሆን፣ ዕድሜው ያኔ 25 ዓመት ሞልቶ ነበር።

5. የላላው ደረጃ

እንግዲህ ወደ አክስቴ ልጅ እንመለስ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ከሚታዩት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ እንደ እሱ ናቸው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ደረጃዎች «ሀ»ን አልፈው «ለ» ላይ ያልደረሱ ናቸው። መሰላሉ የላላው እዚህ ላይ ነው።

ከባድ ልምምድ ሰውነትን የሚያፈርስ ሥራ ነው፤ የሚገነባው ምግብና ዕረፍት ነው። ይህንን በፊዚዮሎጂ ትምህርት ሁላችንም ተምረነዋል። ክለብ የሌለው ልጅ ግን ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ ከሰዓት ግንባታ ላይ ድንጋይ ያቀብላል። ማታ የሚበላው እንጀራ በሽሮ ነው፤ እሱም ከተገኘ። በዚህ ሁኔታ «ኮንዲሽን አልመጣልኝም» ቢል ምን ይገርማል?

ችግር ሲጠና ደግሞ አቋራጭ ይፈለጋል። አንደኛው አቋራጭ ዕድሜን መቀነስ ነው። በወረቀት 17 ዓመት የሆነ የ21 ዓመት ሰው የወጣቶችን ውድድር ሊያሸንፍ ይችላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ከእውነተኛ እኩዮቹ ጋር ሲገናኝ ዕድገቱ ቆሞ ይገኛል። የእውነተኛውን የ17 ዓመት ልጅ ቦታም ወስዶበታል። ሁለተኛው አቋራጭ ቶሎ ወደ ማራቶን መሄድ ነው። ጎዳና ላይ ገንዘብ ስላለ ፈተናው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለመሮጥ በውድድሩ ዓመት መጨረሻ 20 ዓመት መሙላት ግዴታ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የ42 ኪሎ ሜትር ዝግጅት በሳምንት የሚጠይቀው ኪሎ ሜትር ለአጥንትና ለጅማት ከባድ ነው። ታዋቂዎቹ እንኳን በዓመት ሁለት ማራቶን ገደማ ነው የሚሮጡት። ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ግማሽ ዓመት ተበላሸ ማለት ነው። ደመወዝ የሌለው ልጅ ግማሽ ዓመት በምን ይቆያል?

ማናጀርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጋዊ ማናጀር ውድድር ያፈላልጋል፣ ቪዛ ያስጨርሳል፤ በተለምዶም ከሽልማቱ 15 ከመቶ ይወስዳል። ይህ የታወቀና ተገቢ ሥራ ነው። ችግሩ ወጣቱ የማያነበውን ውል ሲፈርም ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ሳያይና ውሉን ለሚያነብ ሰው ሳያሳይ እንዳይፈርም መምከር የእኛም ድርሻ ነው።

6. ዘግይተው የደረሱስ?

«ታዲያ በ20 ዓመቱ ያልታየ ልጅ አለቀለት ማለት ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም! ታምራት ቶላን እንውሰድ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ2022 ኦሪገን ላይ የማራቶን ዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ግን ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር እሱ ተተካ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድም የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ ልምምዱን ባያቋርጥ ነው ይህ የሆነው።

ትዕግሥት አሰፋም በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰኮንድ ገብታ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በፓሪስም ብር አግኝታለች። ሁለቱም የዘገዩ ቢመስሉም ከሩጫው አልወጡም። የሚያዛልቀው ደረጃ መዝለል ሳይሆን በየደረጃው መቆየት መቻል ነው።

7. ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት ከትምህርት ክፍላችን አቅም በላይ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በመስክ ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ክለብ ላሉ ሯጮች ብቻ ሳይሆን በየሜዳው ላሉት ክለብ አልባዎችም ሰዓት እንያዝላቸው፣ መዝገብ እንክፈትላቸው። ክለብ ፊት ሲቀርቡ የስድስት ወር መዝገብ ይዞ የሚሄድና ባዶ እጁን የሚሄድ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ውል በልጆቹ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ አጭር ትምህርት ሜዳው ድረስ ወስደን እንስጥ።

ሦስተኛ፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡትን በማታ እንዲቀጥሉ እንገፋፋ። ከሩጫ ውጪ ሌላ ነገር ያለው ልጅ በጭንቀት አይፈርምም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው አንድ ወጣት ሯጭ ከሱሉልታ ሣር ተነሥቶ ኦሊምፒክ ለመድረስ የሚያልፋቸው ደረጃዎች የታወቁ ናቸው። እጅግ የበረታውም ልጅ ቢሆን ዓመታት ይፈጅበታል። ብዙዎች የሚቀሩት ግን ከላይኛው ጠባብ በር ላይ ሳይሆን ከታች፣ ክለብ ከማግኘታቸው በፊት ባለው ክፍተት ነው። የሚጎድላቸውም እግር ሳይሆን የሚያቆያቸው ነገር ነው።

ለአክስቴም በስተመጨረሻ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። «ትንሹ ደመወዝ ይሻለዋል፤ የሚገዛለት ጊዜ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ስንት ዓመት?» አሉ። «ሦስት ዓመት ይስጡት፤ በዚያ ካልሆነ ትምህርቱ አለ» ብዬ መለስኩ። ልጁ ለሙከራው ቀረበ፤ በጥቂት ሰኮንዶች ወደቀ። ስድስት ወር አብረን ሰዓት እየያዝን ከቆየን በኋላ ሌላ ሙከራ ላይ አለፈ። ዛሬ ወርኃዊ ደመወዝ አለው፣ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሰበታ በሰርቪስ ይወርዳል፣ ማታ 12ኛ ክፍል ይማራል። ኦሊምፒክ ይደርስ አይደርስ ማናችንም አናውቅም። አክስቴ ግን ከዚያ ወዲህ በግ አልሸጡም።